ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ራሙን መርምሩ

ኮምፒውተር ሥራ መሀል ሲቆም፣ ሰማያዊ ስክሪን ሲያሳይ ወይም በራሱ ጠፍቶ ሲነሣ ከባለሙያም ከጓደኛም ቀድሞ የሚመጣው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል፣ ለጥቂት ቀን ደህና ይመስላል፣ ከዚያ ያው ችግር ይመለሳል። እንደገና ፎርማት ይደረጋል። በዚህ መሀል የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱ የደንበኞች ሰነድ፣ የትምህርት ቤቱ ሮስተር አብሮ ይጠፋል።

ፎርማት ሀርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ሶፍትዌር ይቀይራል እንጂ የተበላሸ ዕቃ አይጠግንም። ጥፋቱ ከራሙ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ዊንዶውስም የሚጫነው በዚያው በተበላሸ ራም በኩል ስለሆነ ገና ከጅምሩ ተበላሽቶ ሊጫን ይችላል። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት፤ መጀመሪያ ምርመራ፣ ፎርማት ካስፈለገ መጨረሻ ላይ።

በመካነ ሰላም፣ በአቃስታ፣ በወግዲ፣ በከላላና በአካባቢው ላላችሁ ይህ ቅደም ተከተል የገንዘብም የጊዜም ጉዳይ ነው። ሁነኛ መለዋወጫ ፍለጋ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ወይም መላክ ይጠይቃል። ያልተመረመረ ኮምፒውተር ይዞ መሄድ ያላስፈለገ ዕቃ ገዝቶ መመለስን ያስከትላል። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ግቢ ላፕቶፕ ይዞ የሚማር ተማሪም ሆነ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል የሚጠብቅ መምህር ያለ ልዩ ሥልጠና ሊያከናውናቸው ይችላል።

ራም ሲበላሽ ምን ይሆናል?

ራም ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ እያለ የሚጠቀምበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዝ ዕቃ ነው። የምትጽፉት ደብዳቤ፣ የከፈታችሁት ፎቶ፣ የዊንዶውስ ትእዛዞች ጭምር በእሱ በኩል ያልፋሉ። 8 ጊጋ ራም ውስጥ 0 ወይም 1 የሚይዙ ከ68 ቢሊዮን በላይ ቢቶች አሉ። ከእነዚህ አንዷ የተሰጣትን መያዝ ካቃታት ውጤቱ የሚወሰነው ቦታዋ ላይ በተቀመጠው ነገር ነው። የዊንዶውስ ትእዛዝ ከሆነ ማሽኑ ይቆማል። የፎቶ ክፍል ከሆነ የአንድ ነጥብ ቀለም ይቀየራል። ሰነድ ከሆነ ግን ስህተቱ ማንም ሳያየው ሴቭ ይደረጋል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ፊደሎቻችን በኮምፒውተር ውስጥ ተከታታይ ቁጥር ስለተሰጣቸው ብዙዎቹ የሚለያዩት በአንዲት ቢት ብቻ ነው። «ነ» አንድ ቢት ሲገለበጥባት «ኑ» ትሆናለች፤ «መካነ ሰላም» ብላችሁ የጻፋችሁት «መካኑ ሰላም» ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። በጽሑፍ የተቀመጠ 1 ቁጥርም በአንድ ቢት መገልበጥ 9 ይሆናል። የደመወዝ ዝርዝር ወይም የፈተና ውጤት በሚሠራበት ማሽን ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ችግሩ «አንዴ ያጋጠመ ነው» ተብሎ የሚታለፍም አይደለም። የጉግል ባለሙያዎችና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በሺዎች በሚቆጠሩ የጉግል ሰርቨሮች ላይ አድርገው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በዓመት ውስጥ ከ100 ራሞች 8 ያህሉ ስህተት አሳይተዋል። አንዴ የተሳሳተ ራም በዚያው ወር ደግሞ የመሳሳት ዕድሉ ካልተሳሳተው ብዙ እጥፍ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። የታመመ ራም በራሱ አይድንም።

ምን ያስፈልጋችኋል?

- ለኬዙ ወይም ለላፕቶፑ ጀርባ የሚሆን ካቻቢቴ
- ውስጡ ባዶ የሆነ ፍላሽ
- ጤነኛ መሆኑ የታወቀ ሌላ ኮምፒውተር፤ ለጥቂት ደቂቃ ቢሆንም ይበቃል
- ደረቅና ለስላሳ ብሩሽ፣ ንጹሕ ነጭ ላጲስ፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ
- ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ምልክት ለማድረግ ትንሽ ፕላስተር
- ፎቶ የሚያነሣ ስልክ

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። የራም ምርመራ ሰዓታት ይወስዳል። አመቺው ጊዜ ማሽኑ ሥራ የማይሠራበት ሌሊት ወይም የዕረፍት ቀን ነው።

ደረጃ 1፦ ፋይላችሁን አትርፉ፣ የቆየውን ቅጂ ግን አትንኩ

የመጀመሪያው ሥራ ሰነዶችን ማዳን ነው። ይሁንና ከኮምፒውተር ወደ ፍላሽ የሚገለበጥ ፋይል ሁሉ በራም በኩል ያልፋል። ራሙ የተበላሸ ከሆነ ቅጂውም ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በፊት ያስቀመጣችሁት ቅጂ ካለ በአዲሱ አትተኩት። የዛሬውን ቀን የያዘ አዲስ ፎልደር ክፈቱና ለብቻው አስቀምጡ። ከተቻለ ደግሞ ሀርድ ዲስኩን አውጥታችሁ በጤነኛ ኮምፒውተር ላይ በመሰካት ገልብጡ፤ ከሁሉ የሚታመነው መንገድ ይህ ነው። ሀርድ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ግን ሌላው ማሽን የመክፈቻ ቁልፉን ይጠይቃል።

ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ አራት ነገሮችን ከማድረግ ተቆጠቡ። ፎርማት አታድርጉ። የዲስክ ጥገና ፕሮግራም አታስነሡ። ባዮስን፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስነሣውን መሠረታዊ ፕሮግራም፣ አታድሱ። ዲስክ የሚያስተካክሉ፣ ማለትም ዲፍራግ የሚያደርጉ ፕሮግራሞችን አትጠቀሙ። አራቱም ብዙ መረጃ በራሙ አሳልፈው ቋሚ ቦታ ላይ ይጽፋሉ። ባዮስ በተበላሸ ራም ሲታደስ ማዘርቦርዱን ጨርሶ እንዳይነሣ ሊያደርገው ይችላል።

ደረጃ 2፦ ምልክቱን መዝግቡ

ግምትን ወደ ማስረጃ የሚለውጠው መዝገብ ነው። ማሽኑ በቆመ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን እየሠራችሁ እንደነበረና መብራት ብልጭ ብሎ እንደሆነ ጻፉ። ሰማያዊው ስክሪን ከመጥፋቱ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ከታች የሚታየው የስህተት ስም ብዙ ይናገራል።

ወደ ራም የሚያመለክቱ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

- የስህተቱ ስም በየጊዜው ይለዋወጣል። አንዴ «ሜሞሪ ማኔጅመንት»፣ ሌላ ጊዜ «ፔጅ ፎልት ኢን ነንፔጅድ ኤሪያ»፣ ደግሞ «ባድ ፑል ሄደር» ይላል።
- አንድ ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ወርዱም፣ ኤክሴሉም፣ ብራውዘሩም በየተራ ይዘጋሉ።
- በሌላ ኮምፒውተር ያለ ችግር የሚፈታ ዚፕ ፋይል በእናንተ ማሽን ላይ «ተበላሽቷል» ይባላል።
- ዊንዶውስ ሲጫን አንዴ 30 በመቶ ላይ፣ ሌላ ጊዜ 70 በመቶ ላይ ይቆማል።
- ማሽኑ ሲበራ ምስል ሳያመጣ ደጋግሞ ጢጥ ይላል። ድምፁ በምርቱ ስለሚለያይ ቁጥሩን መዝግባችሁ በአምራቹ መመሪያ አመሳክሩ።
- ዊንዶውስ የሚያሳየው የራም መጠን ከተሰካው በጣም ያንሳል። ከ8 ጊጋ ላይ ጥቂት ቢጎድል አትደንግጡ፤ የስክሪኑ ክፍል የሚወስደው ድርሻ ነው። 8 ተሰክቶ 4 ብቻ ከታየ ግን አንዱ ራም አልተነበበም።

በተቃራኒው ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ፕሮግራም ሲከፈት ወይም ማተሚያ ሲታዘዝ ብቻ ከመጣ፣ አለዚያም አዲስ ድራይቨር በተጫነ ማግስት ከጀመረ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሶፍትዌሩ ነው።

በብዛት የሚታይ ስህተት አለ። በዊንዶውስ የክንውን መዝገብ ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ጽሑፍ ያዩ ሰዎች ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቷል ብለው ይደመድማሉ። ጽሑፉ የሚለው ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ ጠፍቶ እንደተነሣ ብቻ ነው። ለምን እንደጠፋ አይናገርም።

ደረጃ 3፦ መብራቱን፣ ሙቀቱንና ዲስኩን ለዩ

የራም ብልሽት የሚያሳያቸውን ምልክቶች ሌሎች ሦስት ነገሮችም ያሳያሉ። እነሱን ሳይለዩ ወደ ራም መሄድ ልፋት ያባክናል።

*መብራት።* ጎረቤት ያለው ወፍጮ ወይም ብየዳ ቤት ሥራ ሲጀምር አምፑላችሁ ከደከመና በዚያው ቅጽበት ኮምፒውተሩ ከጠፋ፣ ጥፋቱ ከ220 ቮልት በታች የሚወርደው መብራት ሳይሆን አይቀርም። ላፕቶፕ ካላችሁ መፈተኑ ቀላል ነው፤ ቻርጀሩን ንቀሉና ደህና በሆነ ባትሪ ብቻ ተጠቀሙበት። እንዲያም ሆኖ ከቆመ የመስመሩ መብራት ነጻ ወጣ። ዴስክቶፕ ከሆነ ብዙ ነገር ከተሰካበት ዲቫይደር አውጥታችሁ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ካለ በእሱ በኩል ሞክሩት። ከሌላ ተመሳሳይ ማሽን ፓወር ሰፕላይ መዋስ ከቻላችሁ ፍተሻው ሙሉ ይሆናል።

*ሙቀት።* ደጋ ስለሆነ ኮምፒውተር አይሞቅም የሚለው አስተሳሰብ ያሳስታል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም ሙቀት ይዞ የሚወጣው አየር ያንሳል። ብዙ አምራቾች ለተለመዱት ኮምፒውተሮቻቸው የሚያስቀምጡት የሥራ ከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ነው፤ በለጋምቦ ደጋ 3,000 ሜትርን የሚያልፉ ቦታዎች አሉ። ስለዚህ በበጋ አቧራ የተደፈነ ፋን እዚህ የበለጠ ይጎዳል። ማሽኑን አጥፉና ነቅላችሁ፣ ፋኑ እንዳይዞር በጣት ይዛችሁ፣ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። ካጸዳችሁ በኋላ ችግሩ ከጠፋ መፍትሔውን አገኛችሁ።

*ሀርድ ዲስክ።* ማሽኑ በጣም ከዘገየ፣ ከውስጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ፋይል ሲከፈት ብቻ ከቆመ ዲስኩን ጠርጥሩ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የዲስኩን ጤንነት በአንድ ገጽ ያሳያል።

ደረጃ 4፦ ራሙን አውጡ፣ አጽዱ፣ መልሳችሁ ሰኩ

ብዙ ጊዜ የተበላሸ የመሰለው ራም ጤነኛ ሆኖ የሚገኘው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። በመገናኛ ጥርሶቹ ላይ የተቀመጠ አቧራ ወይም የክረምት እርጥበት፣ አለዚያም በመንገድ መንገጫገጭ የላላ መሰኪያ የራም ብልሽት የሚያሳየውን ሁሉ ያሳያል።

1. ኮምፒውተሩን ዝጉ፣ ገመዱን ከግድግዳ ንቀሉ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን አውጡ፤ ባትሪው ውስጥ ከሆነ ጀርባውን ከከፈታችሁ በኋላ የባትሪውን ገመድ ከማዘርቦርዱ ለዩ። ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጫኑ፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል።

2. የሱፍ ሹራብ ወይም በርኖስ ለብሳችሁ ከሆነ አውልቁ። በደረቅ የበጋ አየር ሱፍ ሰውነት ላይ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ እናንተ ሳይሰማችሁ ራሙን ሊያቃጥል ይችላል። ራሙን ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባ የኬዙን ብረት ንኩ፤ በየመሀሉም ድገሙት።

3. ላፕቶፑን ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ገና እንዳስገባችሁት አትክፈቱ። ውስጡ ጤዛ ሊቋጥር ስለሚችል ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪላመድ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቁ።

4. ከመንቀላችሁ በፊት አቀማመጡን ፎቶ አንሡ። እያንዳንዱን ራም በፕላስተር «ሀ» እና «ለ»፣ መሰኪያዎቹን ደግሞ «1» እና «2» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ደረጃ 6 ላይ ያለ ይህ ምልክት ትደናገራላችሁ።

5. በዳርና በዳር ያሉትን መያዣዎች ወደ ውጭ ግፉ፤ ራሙ ራሱ ይነሣል። ጫፉን ያዙ እንጂ ወርቃማ ጥርሶቹን በጣት አትንኩ።

6. ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፣ ፍርፋሪውን ሙሉ በሙሉ በብሩሽ አስወግዱ። ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል ብትጠቀሙ ጨርቁን ብቻ አርጥቡና በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። የእጅ ሳኒታይዘር ግን ቅባትነት ያለው ጄል ስለሚያስቀር አይሆንም። የብርጭቆ ወረቀትም ወርቁን ይፍቃል።

7. መሰኪያውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። በአፍ አትንፉበት፤ ትንፋሽ እርጥበት ነው።

8. የራሙን ክፍተት ከመሰኪያው ጉብታ ጋር አስተካክላችሁ በእኩል ኃይል ተጫኑ። የዴስክቶፕ ራም መያዣው ቀጭ ብሎ ሲዘጋ ገብቷል ማለት ነው። የላፕቶፕ ራም ዘንበል ብሎ ይገባና ወደ ታች ሲጫኑት ይቆለፋል።

በቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ይህንን ደረጃ ዝለሉና ወደሚቀጥለው እለፉ።

ደረጃ 5፦ ራሙን ፈትኑ

የራም መፈተኛ ፕሮግራም አሠራር መምህር ቃል ጽሕፈት አጽፎ መልሶ እንደሚያርመው ነው፤ በእያንዳንዱ ቦታ የታወቀ ነገር ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፣ የተለየ ካገኘ ስህተት ብሎ ይመዘግባል። ሦስት አማራጭ አለ፤ ከቀላሉ ጀምሩ።

*ሀ. ከማሽኑ ጋር የመጣው መፈተኛ።* ኢንተርኔትም ፍላሽም አይፈልግም። በኤችፒ ኮምፒውተሮች ላይ ማሽኑ እንደበራ ኤፍ 2 ቁልፍን ደጋግሞ መጫን፣ በዴል ላይ ኤፍ 12 ተጭኖ «ዳያግኖስቲክስ» የሚለውን መምረጥ ነው። አጭሩ ምርመራ ጎላ ያለ ብልሽትን ብቻ ስለሚይዝ ረጅሙን ምረጡ።

*ለ. የዊንዶውስ መፈተኛ።* በፍለጋው ቦታ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሜሞሪ» ብላችሁ ስትጽፉ «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» ይመጣል። የተከፈተ ሥራ ሁሉ ሴቭ አድርጉና እንደገና እንዲነሣ እዘዙት። ምርመራው ሲጀምር ኤፍ 1ን ተጭናችሁ «ኤክስቴንድድ» የሚለውን ምረጡ። ውጤቱ ዊንዶውስ ሲነሣ ይታያል፤ ካመለጣችሁ በክንውን መዝገቡ ውስጥ «ሲስተም» በሚለው ክፍል ይገኛል።

*ሐ. ሜምቴስት86 ፕላስ።* ከሦስቱ ጠንካራውና በነጻ የሚገኘው ይህ ነው። የሚሠራው ከፍላሽ ተነሥቶ ስለሆነ ዊንዶውስ ጨርሶ እንቢ ያለ ማሽንንም ይመረምራል። በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው 6ኛው እትም ጀምሮ በቆዩትም በአዲሶቹም ማሽኖች ላይ ይሠራል። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ኢንተርኔት ባገኛችሁበት ጊዜ አውርዳችሁ አስቀምጡት። ፍላሹን በጤነኛው ኮምፒውተር ላይ አዘጋጁ፤ ስታዘጋጁት በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋልና ባዶ ይሁን።

ከፍላሽ ለማስነሣት በኤችፒ ኤፍ 9፣ በዴልና በብዙ የሌኖቮ ማሽኖች ኤፍ 12 ነው። ማሽኑ ፍላሹን ካልተቀበለ «ሴኪዩር ቡት» የሚባለውን ጥበቃ ለጊዜው ማጥፋት ሊያስፈልግ ይችላል። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ መሆኑን አጣሩ። ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን አስቀድማችሁ ያዙ፤ ያለ እሱ ፋይላችሁ ሊዘጋባችሁ ይችላል።

ምርመራው ስንት ጊዜ ይዙር? አንድ ዙር ጎላ ያለውን ብልሽት ያሳያል። ማሽኑ ሲሞቅ ብቻ የሚሳሳት ራም ግን በኋለኞቹ ዙሮች ነው የሚያዘው። ስለዚህ ቢያንስ አራት ዙር ይሂድ፤ 8 ጊጋ ራም ላይ ሌሊቱን ሊወስድ ይችላል። መሀል ላይ መብራት ቢሄድ አትጨነቁ። ሜምቴስት ዲስኩ ላይ ምንም ስለማይጽፍ ፋይል አይጎዳም፤ መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ራሱ ያሻግራችኋል።

ውጤቱን ስታነቡ መለኪያው አንድ ነው፦ ተቀባይነት ያለው የስህተት ቁጥር ዜሮ ብቻ ነው። «አንድ ስህተት ብቻ ስለሆነ ግድ የለም» ማለት በብዛት የሚሠራ ጥፋት ነው። አንዷ ስህተት ነገ የትኛው ሰነድ ላይ እንደምታርፍ አይታወቅም። ስህተት ከታየ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው አሠራር መልሱና አንድ ጊዜ ድገሙ፤ ራሙ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ ታዝዞ ከነበረ ስህተቱ የዚያ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 6፦ ራሙን ከመሰኪያው ለዩ

ስህተት መታየቱ «ራሙ ተበላሽቷል» ለማለት ገና አይበቃም። መሰኪያው ወይም ማዘርቦርዱም ሊሆን ይችላል። የሚለየው አንድ ነገር ብቻ እየቀያየሩ መሞከር ነው፤ ሁለት ነገር በአንዴ ከቀየራችሁ መልሱ አይታወቅም።

መጀመሪያ ራም «ሀ»ን ለብቻው መሰኪያ 1 ላይ አድርጋችሁ ፈትኑ። ከዚያ «ለ»ን እዚያው መሰኪያ ላይ። በመጨረሻ ሁለቱንም በየተራ ለብቻቸው መሰኪያ 2 ላይ አድርጋችሁ ፈትኑ። እያንዳንዱን ውጤት ጻፉ። ትርጓሜው እንዲህ ነው፦

- «ሀ» በሁለቱም መሰኪያ ከተሳሳተና «ለ» በሁለቱም ንጹሕ ከሆነ የተበላሸው ራም «ሀ» ነው።
- ሁለቱም ራሞች መሰኪያ 2 ላይ ብቻ ከተሳሳቱ ጥፋቱ የመሰኪያው ወይም የማዘርቦርዱ ነው። መሰኪያ 2ን ትታችሁ በ1 ብቻ መሥራት ይቻላል።
- ሁለቱም በሁሉም ቦታ ከተሳሳቱ ሁለት ራም በአንዴ መበላሸቱ እምብዛም ስለሆነ ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩን ወይም ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ። አዲስ ራም መግዛት እዚህ ላይ ገንዘብ መጣል ነው።
- ለየብቻ ንጹሕ ሆነው አብረው ሲሰኩ ከተሳሳቱ ብዙ ጊዜ የማይስማሙ የተለያዩ ራሞች ናቸው።

ያላችሁ አንድ ራም ብቻ ከሆነ ከጓደኛ ወይም ከኮምፒውተር ክፍሉ ተመሳሳይ ዓይነት ጤነኛ ራም ተውሳችሁ ሞክሩ። በትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ማሽኖች ስላሉ ይህ ቀላል ነው። የተጠረጠረውንም በጤነኛው ማሽን ላይ ፈትኑት፤ ስህተቱ ተከትሎት ከሄደ ጥርጣሬው አለቀ።

ደረጃ 7፦ ትክክለኛውን መተኪያ ግዙ

ደሴ ለሚሄድ ሰው «ራም ግዛልኝ» ብሎ መላክ አይበቃም። ከተቻለ አሮጌውን ራም ስጡት፤ ካልሆነ የላዩን ጽሑፍ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩለት። ሦስት ነገር መመሳሰል አለበት።

አንደኛ ትውልዱ። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 ክፍተታቸው የተለያየ ቦታ ስለሆነ አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገባም፤ በግድ መጫን ማዘርቦርዱን ይሰብራል። ሁለተኛ መጠኑ። የላፕቶፕ ራም ከዴስክቶፕ ራም ግማሽ ያህል ያጠረ ነው። ሦስተኛ ቮልቱ። ዲዲአር 3 በ1.5 ቮልት ሲሠራ «ኤል» የሚል ምልክት ያለበት ዲዲአር 3 በ1.35 ቮልት ይሠራል። በ1.35 ብቻ እንዲሠሩ የተዘጋጁ ላፕቶፖች ስላሉ «ኤል» ያለበትን በሌላው አትተኩ።

ያገለገለ ራም መግዛት ነውር የለውም፤ ያልተፈተነ ራም መግዛት ግን ችግሩን በገንዘብ መድገም ነው። ከመክፈላችሁ በፊት «ፈትኜ ስህተት ካገኘሁ እመልሳለሁ» ብላችሁ ተስማሙና ደረሰኝ ላይ ይጻፍ። ገዢው ደሴ ላይ የሚያድር ከሆነ የሜምቴስቱን ፍላሽ ይዞ ቢሄድና እዚያው ቢያስፈትን ከሁሉ ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ከጥገናው በኋላ ያለውን ጉዳት አጽዱ

አዲሱ ራም ሲገባ ሥራው አለቀ ብሎ መቆም የመጨረሻው የተለመደ ስህተት ነው። መጀመሪያ አዲሱን ራም ራሱን አራት ዙር ፈትኑ። ንጹሕ ከሆነ፣ ደረጃ 1 ላይ የከለከልነው የዲስክ ጥገና አሁን ተፈቅዷል፤ የዊንዶውስ ፋይሎች ማረሚያውን፣ ማለትም «ሲስተም ፋይል ቼከር»ን፣ ማስነሣትም ይቻላል። ዊንዶውስ በአሮጌው ራም ጊዜ ክፉኛ ተበላሽቶ ከሆነና እርማቱ ካልሠራ ፎርማት ማድረግ የሚገባው አሁን ነው።

ቀጥሎ ሰነዶቻችሁን ፈትሹ። ችግሩ ከጀመረበት ቀን ወዲህ ሴቭ የተደረጉትን ክፈቱ፤ ስሞችንና ቁጥሮችን ከወረቀቱ ወይም ከቀድሞው ቅጂ ጋር አመሳክሩ። ሮስተር፣ የደመወዝ ዝርዝርና የሒሳብ መዝገብ ቅድሚያ ይሰጣቸው። የተበላሸውን ራም ደግሞ «ብልሹ» ብላችሁ ጻፉበትና አስወግዱ። መሳቢያ ውስጥ ከቀረ አንድ ቀን ሌላ ማሽን ላይ ይሰካል።

ምርመራው ንጹሕ ከሆነስ?

አራት ዙር ሄዶ ስህተት ካልታየ ራሙ ነጻ ሊሆን ይችላል፤ ልፋታችሁም ከንቱ አልሆነም፣ አንድ ትልቅ ተጠርጣሪ ከዝርዝሩ ወጣ። ከዚህ በኋላ ቅደም ተከተሉ ዲስክ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ድራይቨር፣ በመጨረሻ ማዘርቦርድ ነው። ወደ ጥገና ባለሙያ ስትሄዱም የደረጃ 2ን መዝገብና የምርመራውን ውጤት ይዛችሁ ሂዱ። «ይቆማል» ብሎ ከሚመጣ ደንበኛ ይልቅ «ራሙ አራት ዙር ተፈትኗል፣ በባትሪም ይቆማል» የሚለውን ባለሙያው በአጭር ጊዜ ይረዳዋል።

ብዙ ኮምፒውተር ለምታስተዳድሩ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች አንድ ምክር እንጨምር። አንድ ፍላሽ ሜምቴስት ተጭኖበት የኮምፒውተር ክፍሉ ቋሚ ንብረት ይሁን። በየሰሚስተሩ ዕረፍት ማሽኖቹን በየተራ ፈትኑና ቀኑንና ውጤቱን በየኬዙ ላይ ለጥፉ። ማንም ሰው «ፎርማት ይደረግ» ሲል መጀመሪያ ያንን ወረቀት አንብቡ። ምርመራው ካልተደረገ ፎርማቱም አይደረግ።